ልጅቷ ዓይኗን ከገለጠች በኋላ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም። ለአባቴም አልነገርኩም፤ አባቴ አርባ ምንጭ አጠገብ ባለችው ጫኖ ውስጥ ግማሽ ዕድሜውን ለሙዝ እርሻው፣ ግማሹን ለወንጌል የሰጠ ሰው ነው፤ ብነግረው ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፣ ስለማውቅም አልነገርኩትም። በጸሎት እንኳ በሙሉ ቃል ብዬው አላውቅም። «ጌታ ሆይ፣ ያንን የምታውቀውን ነገር» እያልኩ ነው ሰባት ዓመት ያለፍኩት። እሱ ስለሚያውቀው ዝርዝሩን ተውኩለት። እንዲህ ያለች ብልጥ ነኝ እኔ።

ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቼ የንስሐ አባት አላቸው፤ ፊቱ ቀርበው በአፋቸው መናገር ግድ ነው። እኛ ጴንጤዎች በቀጥታ ለእግዚአብሔር እንናዘዛለን እንላለን። ደግ ነገር ነው፤ ግን ለእኔ ቢጤዋ እንዴት እንደሚመች ልነግራችሁ አልችልም። ዓይን ዓይኔን የሚያይ የለም፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» የሚል የለም። ስለዚህ ዛሬ እናንተ ተቀመጡልኝ። ፍረዱም አትፍረዱም፣ ብቻ እስክጨርስ አትነሡ። እኔም እንዳልነሣ ነው። ይህን ጽሑፍ ስጀምረው አራተኛ ጊዜዬ ነው፤ ሦስቱን ጊዜ መሀል ላይ ትቼው ተነሥቼ ንጹሕ ዕቃ አጥቤአለሁ።

ነርስ ነኝ። ያኔ አርባ ምንጭ ውስጥ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል፣ ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት የሚታከሙበት ክፍል እሠራ ነበር። ጎበዝ ነበርኩ። ሌሎች ፈልገው ያጡትን የደም ሥር እኔ በአንድ ሙከራ አገኘው ነበር፤ ሐኪሞቹም «እሷን ጥሯት» ይሉ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ለመመጻደቅ አይደለም። ሰው ሁሉ ያመነኝ ስለነበር ነው የሆነው ሁሉ የሆነው፤ ያንን እምነት የሰጡኝ እነሱ ናቸው፣ የበላሁት ግን እኔ ነኝ።

ታደለች ከጨንጫ ወዲያ ካለ የደጋ ቀበሌ የመጣች፣ ገና ሃያ ዓመት የሞላት የማትመስል ሴት ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን ሰባተኛ ወሯን በቅጡ ሳትይዝ ወለደች። ልጅቷ ከአንድ ኪሎ ብትበልጥ ጥቂት ነው፤ ቆዳዋ ቀይና ስስ፣ ጭኗ ከአውራ ጣቴ የማይወፍር። እስትንፋሷን በማሽን አገዝን። ደም ግፊቷ ግን አልይዝ አለን። ፈሳሽ ሰጠናት፣ የልብ መድኃኒት ሰጠናት፣ ከፍ ይልና ይወርዳል። በሦስተኛው ቀን የሕፃናት ሐኪሙ ሃይድሮኮርቲዞን አዘዘላት።

ሐኪሙ ማስረዳት የሚወድ ሰው ነበር። ነርሶቹን ሰብስቦ፣ ከኩላሊት በላይ እንደ ቆብ ጉብ ያለች አድሬናል የምትባል እጢ እንዳለች ነገረን። ሰው ሲታመም፣ ሲበርደው፣ ሲራብ ገላውን ደግፎ የሚያቆመውን ሆርሞን የምትሠራ እሷ ናት። ጽንሱ ማሕፀን ውስጥ ሳለ እናቱና የእንግዴ ልጁ ብዙውን ስለሚሸከሙለት፣ የሕፃኑ እጢ ሥራውን በደንብ የምትለምደው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው። ያለ ጊዜው የወጣ ሕፃን እጢው ሳትለምድ ብርድ ይጠብቀዋል፣ መርፌ ይጠብቀዋል፣ ሕመም ይጠብቀዋል። «እጢዋ እስክትበረታ እኛ እንተካላታለን» አለ። ቀጥሎ ያለውን ስነግራችሁ ድምፁ አሁንም ይሰማኛል። «ግን ልብ በሉ። ከውጭ በሰጠናት ቁጥር እጢዋ ሌላ ሠራተኛ አለ ብላ ትተኛለች። ሳምንታት ከወሰደች በኋላ ድንገት ካቋረጣችሁባት ባዶዋን ትቀራለች፤ ስኳሯ ይወርዳል፣ ግፊቷ ይወርዳል፣ ትሞትባችኋለች። ሲበቃን በጥቂት በጥቂቱ ነው የምንቀንሰው።» ፊት ለፊቱ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ገብቶኛል ብዬ ራሴን የነቀነቅሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ አላወቅሁም ነበር የምትለዋን ሰበብ ከአሁኑ አውጥታችሁ ጣሉልኝ።

ልጅቷ ዳነች ማለት ይቻላል። በሦስተኛው ሳምንት ከማሽኑ ወጥታ ታደለች ደረቷ ላይ፣ ገላዋ ከገላዋ ተጣብቆ ትውል ጀመር። ልታስታምም አብራት የወረደችው አማቷ ኮስታራ ሴት ነበረች፤ ሕፃኗን ስታይ ግን ፊቷ ይፈታና «ይቺ የድመት ልጅ» ትላት ነበር። መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም በዚያ ሳምንት መቀነስ ጀመረና፣ በየቀኑ የሚሰጣትን መጠን በወረቀቱ ላይ ጽፎ ዓርብ ጠዋት ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ሄደ።

በእኛ ክፍል የመድኃኒት ወረቀት ሲሞላ ተረኛዋ ነርስ ወደ አዲስ ትገለብጠዋለች፣ ሌላዋ ነርስ ደግሞ ሁለቱን አስተያይታ ትፈርማለች። ዓርብ ከሰዓት የልጅቷ ወረቀት ሞላ። እኔ ተረኛ ነበርኩ። ጫኖ ቤተ ክርስቲያናችን ኮንፈረንስ ነበረ፤ ኳየር ውስጥ እዘምር ነበርና የመጨረሻው ልምምድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቴን እያየሁ ገለበጥኩ። አራት መድኃኒት ጻፍኩ። አምስተኛዋ፣ ከወረቀቱ ግርጌ ያለችው፣ ሃይድሮኮርቲዞኗ፣ ቀረች። ለባልደረባዬ ወረቀቱን ዘረጋሁላትና «ፈርሚልኝ፣ ልሂድ» አልኳት። ጎበዟ እኔ ነኝ እኮ፤ ሳታይ ፈረመች። ወጥቼ ባጃጅ ያዝኩ።

ቅዳሜን ሙሉ ዘመርኩ። ልጅቷ ያንን ቀን ያለ መድኃኒት ዋለች፣ አደረችም።

እዚህ ላይ ብቆም ስሕተት ነበር ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ እስከዚህ ድረስ ስሕተት ነው። ቸኩላ የሳተች ነርስ በዓለም ላይ እኔ የመጀመሪያዋ አይደለሁም። የምናዘዘው ይህንን ቢሆን ኖሮ ሰባት ዓመት ባልፈጀብኝ።

እሑድ ጠዋት ገባሁ። ልጅቷ ገርጥታለች፣ እጅ እግሯ ቀዝቅዟል፣ በቱቦ የሰጧትን ወተት መልሳዋለች። ብነካት አልተንቀሳቀሰችም። ስኳሯን ለካሁ፣ ወርዷል። ተረኛው ሐኪም ልጅቷን ከዚያ በፊት አያውቃትም፤ አዲሱን ወረቀት አየና ኢንፌክሽን ነው ብሎ አንቲባዮቲኳን ቀየረ፣ ግሉኮስ አዘዘ። ግሉኮሱን ስንሰጣት ስኳሯ ወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ወረደ። ሐኪሙ ለቀዶ ሕክምና ወደሚዘጋጅ ሌላ ሕፃን ተጠራና ሄደ። እኔ የልጅቷን ፋይል ከፈትኩ፤ የዓርቡን አሮጌ ወረቀት አወጣሁ። አምስተኛዋ መስመር እዚያው ግርጌ ላይ ነበረች።

ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ለልጅቷ ማዘን አይደለም የቀደመኝ። «ማን አይቶ ይሆን?» ነው ያልኩት። የመጀመሪያ ሐሳቤ ይህ ነበር።

ያን ጊዜ አማትየዋ በሩ ላይ ቆማለች። የታደለችን ክንድ ይዛ፣ ከልጅቷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ያዝኩት ወረቀት ታያለች። በጋሞኛ ጠየቀችኝ፦ «ልጄ፣ ዓርብ ደኅና ነበረች። ጡት ልትጀምር ነው ብላችሁን ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ ምን መጣባት?»

በእኛ አገር ጎሜ የሚባል ነገር አለ። ሰው ደንብ ጥሶ፣ ጥፋት ሠርቶ ከደበቀው፣ ጥፋቱ ባልጠበቀው በኩል ይወጣል፤ በልጅ፣ በከብት ወይም በእህል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የደበቀው ሰው በሽማግሌ ፊት አፉን ከፍቶ መናገር አለበት። አባቴ ይህንን እየተቃወመ ሲሰብክ ነው ያደግሁት። እኔም አላምንበትም። የማላምንበትን ነገር ግን በደንብ አውቀዋለሁ፤ አማትየዋም፣ ቤተ ክርስቲያን ብትሄድም ባትሄድም፣ በሆዷ እንደምታምንበት ዓይኗ ላይ አየሁ። እና ምን አልኳት?

«እማማ፣ ሰው ባልተነገረ ነገርም ይታመማል። እስቲ ቤታችሁን እዩ» አልኳት።

ይኸው ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር። እጄ ላይ ካለው ወረቀት ዓይኗ እንዲነሣልኝ ብቻ ነው ያልኩት። በማላምንበት ነገር የራሴን ቆሻሻ ከደጄ ወደ ሌላ ሰው ደጅ ጠረግሁት። አማትየዋ ወዲያው ወደ ምራቷ ዞረች። ታደለች ግን እኔን ነበር የምታየው። ነጭ ለብሻለሁ፣ ተምሬአለሁ፣ ልጇን ሦስት ሳምንት ያቆየሁላት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቢላት ኖሮ ትተወው ነበር ብዬ አስባለሁ። እኔ ስላልኳት አመነች።

ከዚያ ሥራዬን ሠራሁ። አዲሱ ወረቀት ላይ በቀረው ባዶ ቦታ አምስተኛዋን መስመር ጻፍኩ። ያልተሰጣትን ሃይድሮኮርቲዞን ሁሉ እንደተሰጣት አድርጌ ሞላሁ፤ ቅዳሜ ተረኛ የነበሩ የሁለት ባልደረቦቼን አጭር ፊርማ አስመስዬ ፈረምኩ።   ቀጥዬ ከመድኃኒት ሳጥኑ ብልቃጡን አውጥቼ በመጀመሪያው ቀን የተሰጣትን ትልቁን መጠን ቀዳሁና በደም ሥሯ ሰጠኋት፤ ወረቀቱ ላይ ግን ትንሹን ጻፍኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ሐኪሙን ጠርቼ «መድኃኒቷ ተቋርጦ ነበር» ብለው ኖሮ እሱም ይህንኑ ያደርግ ነበር፤ ልጅቷም በዚያው ትድን ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ማውጣት አልቻልኩም፤ ለአማትየዋ ግን ሁለት አላቃተኝም።

መርፌውን የሰጠኋት ከቀትር በፊት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ስኳሯ መያዝ ጀመረ። ዘጠኝ ሊሆን ሲል እግሯ ሞቀ። ጥቂት ቆይቶ ዓይኗን ገለጠች። እናቷን አማቷ ደጅ ይዛት ወጥታለች፤ እኔ ብቻ ነበርኩ አጠገቧ። ጥቁር፣ ትልልቅ ዓይን ነበራት፤ ዞር አድርጋ አየችኝ። ሳለቅስ ትዝ ይለኛል። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ለእሷ ይሁን ለራሴ ስል እንጃ፤ ዛሬም አልለየሁትም።

ይህን ሰዓት ያዙልኝ። የኔ ትልቁ ኃጢአት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ባልየውን ደውለው ጠርተውት ነበር። ኦይቻ ይባላል፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ለሚስቱ ገንፎ የሚሆን ዱቄት በየሳምንቱ ይዞ የሚወርድ ሰው ነው። ያን ቀን አጎቱን ይዞ መጣ። ሽማግሌው ልጅቷን ልይ አላሉም። ከክፍላችን ጀርባ እናቶች ጨርቅ የሚያሰጡበት ሣር ያለበት ቦታ አለ፤ ወደዚያ ሄዱ። አጎትየው፣ ኑዛዜ የሚቀበል ሽማግሌ እንደሚያደርገው፣ እርጥብ ሣር ነጭተው በእጃቸው ያዙ፣ ተቀመጡ። ታደለችን ፊታቸው አቆሟት። ከወለደች ገና አንድ ወር ያልሞላት ሴት፣ ፀሐይ ላይ። የክፍሉ መስኮት ክፍት ነበረ፤ እኔ መስኮቱ ጋ ነበርኩ። ልጅቷ ከኋላዬ ዓይኗን ገልጣ ተኝታለች።

ታደለች ተናገረች። ከመጋባታቸው በፊት ቃል የገባችለት ልጅ እንደነበረ ተናገረች። ሰውየው ለሥራ ርቆ ሄዶ ቀረ፤ እሷ ኦይቻን አገባች። እርጉዝ ሆና አንድ ቀን ገበያ ላይ አገኘችው። ቆማ አወራችው። አለቀሰች። ለባሏ አልነገረችም።

«ሌላስ?» አሉ አጎትየው።

«ሌላ የለም፣ አባቴ።»

«የምትሞተው ልጅ ናት። ሌላስ?»

«እጄን ያዘኝ» አለች። ድምጿ እምብዛም አይሰማም ነበር።

«ሌላስ?»

ዝም አለች። ሌላ ስላልነበረ ነው ዝም ያለችው። ኦይቻ ግን ዝምታዋን እንደ መልስ ቆጠረው፤ አንገቱ ሲሰበር አየሁ። እኔ ከዚያ መስኮት ዐሥር እርምጃ አይሞላም። በሩን ከፍቼ «ልጅቷ ነቅታለች፣ ተሽሏታል፣ ተዉአት» ብል ያልቅ ነበር። ወረቀቱን መናዘዝ እንኳ አያስፈልገኝም ነበር! እውነቱን ሁሉ ደብቄ፣ ያችን አንዲት የምሥራች ብቻ ብናገር ታደለች ትተርፍ ነበር። ለምን አልወጣሁም? ስለዚህ ጥያቄ ሰባት ዓመት አስቤአለሁ። ፈራሁ ብዬ ነበር ለራሴ የምነግረው። እውነቱ እንዲህ ነው፦ ልጅቷ እናቷ ሳትናገር ተሽሏት ከተገኘች፣ «ታዲያ ምን አዳናት? ምንስ አሳመማት?» የሚል ይመጣል። እናቷ ከተናገረች በኋላ ከተሻላት ግን የሚጠይቅ የለም። ቆሜ ጠበቅሁ። አውቄ፣ ሰዓት እያየሁ ጠበቅሁ። ዝናብ እስኪያባራ በረንዳ ላይ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ሴትየዋ ተናግራ እስክትጨርስ ጠበቅኋት።

ሲነሡ ወጣሁ። «ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች» አልኩ።

አማትየዋ መሬት ላይ ወድቃ አመሰገነች። አጎትየው የያዙትን ሣር መሬት ላይ አኖሩ፤ ነገሩ ተፈጸመ። ታደለች ወደ ልጇ ሮጠች። ኦይቻ አልገባም። እንዲህ ፈጥኖ ልጅ ያዳነ ኑዛዜ ትንሽ ጥፋት አይሆንም ብሎ አሰበ፤ እንዴት እንደሚያስብ ከፊቱ ይነበብ ነበር። እጅ መያዝ ብቻ ልጅ አይገድልም። ሌላ አለ ማለት ነው። እንግዲህ ልጅቷ በተሻላት ቁጥር ሚስቱ እየረከሰችበት ሄደች። በየቀኑ እንዲሻላት ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ በየቀኑ።

ሰኞ ያ ሐኪም ተመለሰ። ወረቀቱን አየና መድኃኒቱ እንዳልተቋረጠ አረጋገጠ፤ ኢንፌክሽን ነበር ማለት ነው ብሎ፣ ስለያዝናት ጥሩ አያያዝ አመሰገነን። እኔም «ምንም አይደል ዶክተር» አልኩት።

ከአንድ ወር ከምናምን በኋላ ልጅቷ ሁለት ኪሎ ሞልታ ወጣች። የሚወስዳቸው የመጣው የታደለች አባት ነበር። ኦይቻ ልጅቷንም ተጠራጠራት፤ ሰው ልኮ ትዳሩ እንዳበቃ አስነገረ። ይህንን የሰማሁት ከአንዲት የጽዳት ሠራተኛ ነው፤ ሰምቼም ምሳዬን በላሁ። የአገሩ ሰዎች ለካ ልክ ነበሩ፤ አንድ ሰው የደበቀው ነገር ነበረ፣ ልጅቷም በዚያ ነበር የታመመችው። ጎሜውን ፈልገውት ነበር፤ የፈለጉት ግን ከተሳሳተ አፍ ነው። መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። መስኮቱ ጋ የቆምኩት እኔ።

ከዚያ ክፍል ለቅቄ ወጣሁ። አሁን ክትባት ነው የምሠራው። ሰላም ያገኘሁ እንዳይመስላችሁ። ምድጃ ማጥፋቴን ሦስት ጊዜ አያለሁ። ልጄ ከሰሌዳ የገለበጠችውን የቤት ሥራ መስመር በመስመር ካላስተያየሁ አልተኛም፤ «እማዬ፣ ልክ ነው እኮ» እያለች ታለቅሳለች። ባሌ «ምን ሆነሻል አንቺ ሴት፣ እስቲ ተቀመጪ» ይለኛል። መቀመጥ አልችልም። ተቀምጬ ከቆየሁ መስኮቱ ይመጣብኛል።

ዘንድሮ አርባ ምንጭ ውስጥ ሲቀላ በሚባለው ገበያ አንዲት ሴት «ሲስተር!» ብላ ጮኸች። እንደ ጎመን የሚቀቀል የሽፈራው ቅጠልና ማንጎ ዘርግታ የተቀመጠች ሴት። ታደለች ናት። ከሳች እንጂ ያው ናት። ከደጋው የሰው ዓይን ሲበዛባት ወርዳ አንድ ክፍል ተከራይታ እንደምትኖር ነገረችኝ። አጠገቧ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ቆማ ነበር፤ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ዓይኗ ትልልቅ። ሳምራዊት ነው ስሟ። ትምህርት ቤት የምትጠራው በአባቷ ስም አይደለም፤ በእናቷ አባት ስም ነው።

«ይቺ ናት ሲስተሯ» አለቻት ታደለች፤ «ተናገሩ ብላ ያዳነችሽ። በይ ሳሚያት።»

ልጅቷ ሳመችኝ። በሁለቱም ጉንጬ። ታደለች ማንጎ መርጣ እየጫነችብኝ ታወራለች፤ ልጅቷ ስለ አባቷ መጠየቅ ጀምራለች፣ እኔም እውነቱን ነግሬአታለሁ አለችኝ። «አባትሽ የሄደው በእኔ ኃጢአት ነው፤ አንቺ ያለሽው ስለተናገርኩት ነው አልኳት። ከሰው ከምትሰማው ከእኔ ትስማው ብዬ።»

ሰባት ዓመቷ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ እናቷ ኃጢአተኛ መሆኗን እንደ ፊደል አጥንታ ቆማለች። ያስጠናኋት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ወር ያህል ከራሴ ጋር ተጨቃጨቅሁ። ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «ብነግራት ይጎዳታል» አልኩ። የልጇን ሕይወት በአፏ እንደገዛች ታስባለች፤ ያቺን መጽናኛ ለምን እነጥቃታለሁ? ለእሷ ስል ዝም ልበል! እንዴት ያለ ደግነት ነው፣ አያችሁ? ከዚያ ሁሉ በኋላ እንኳ ዝምታዬን ለእሷ እንደ ስጦታ ልቆጥረው ነበር። ይህ ሐሳብ የመጣልኝ ቀን በራሴ አፈርኩ። በማግስቱ ቀን፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት በምትሆንበት ሰዓት ቤቷ ሄድኩ።

ታደለች የሽፈራው ቅጠል ከእንጨቱ እየለቀመች ነበር። ተቀመጪ አለችኝ፣ አልተቀመጥኩም። ቆሜ ነገርኳት። እጢዋን፣ መድኃኒቱን፣ ዓርብን፣ ወረቀቱን፣ ፊርማውን፣ ለአማቷ ያልኩትን። ስናገር መልቀሟን አላቆመችም። ስጨርስ እጇ ቆመ።

«እኔ ደጅ ሆኜ ስናገር» አለች፤ «ልጄ ዓይኗን ገልጣ ነበር?»

አልነበረም ልላት እችል ነበር። ማን ያውቅብኛል?

«አዎ» አልኳት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኦይቻ ከመምጣቱ በፊት።»

አልጮኸችም። አልረገመችኝም፤ ብትረግመኝ እንዴት በቀለለኝ። የለቀመችውን ቅጠል ወደ ጎን ገፋችው። ከዚያ «ውጪልኝ» አለች። «ልጄ ስትመጣ እዚህ እንዳታገኝሽ።» በሩ ላይ ስደርስ ግን ጠራችኝ። «ሲስተር። ስሜ የጠፋው ደጋ ላይ ነው። እዚህ እኔን ብቻ ስትነግሪኝ ምን ይጠቅመኛል?»

ልክ ናት። ለሆስፒታሉ ጽፌ ሰጥቻለሁ፤ አስመስዬ የፈረምኩባቸው ሁለቱ ባልደረቦቼ ምንም እንደማያውቁም ጽፌአለሁ። የሙያ ፈቃዴን ቢነጥቁኝ ይንጠቁኝ። እሱ ቀላሉ ነው። ከባዱ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ወደ ደጋው እወጣለሁ። የአገሩ ሰው የሚሰበሰብበት፣ ነገር የሚነገርበትና የሚዳኝበት ዱቡሻ የሚሉት ሜዳ አለ፤ እዚያ እንድቆም ሽማግሌዎቹን ለምኜ ፈቅደውልኛል። ያ አጎት ዛሬም በሕይወት አሉ። ኦይቻ ሌላ አግብቶ ሁለት ልጅ ወልዷል፤ ይመጣል ብለውኛል። የማስመልሰው ትዳር የለም። ሳምራዊት ያለ አባት የኖረችውንም ዓመታት የምመልስበት መንገድ የለኝም። ታደለች ትመጣ እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠየቅኋትም፣ የመጠየቅ መብትም የለኝም።

ራሴን ግን አውቀዋለሁ። እዚያ ሰው ፊት ስቆም አፌ ሊያጥር ይችላል። «ስሕተት ተፈጥሮ ነበር» ልል እችላለሁ፣ ማን እንደፈጠረው ሳልጠራ። ስለ ወረቀቱ ተናግሬ የመስኮቱን ልዘለው እችላለሁ። አልቅሼ እንዲያዝኑልኝ ላደርግም እችላለሁ፤ ሳለቅስ ሰው ያዝንልኛል፣ እችልበታለሁ። ለዚህ ነው አስቀድሜ ለእናንተ የጻፍኩት። ያሳጠርኩት ነገር ካለ ሙሉው በእናንተ እጅ ነው።

ይቅር በሉኝ አልልም። እናንተን የበደልኩት ነገር የለም፤ ይቅር ብትሉኝም አይቆጠርልኝም። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ከዚያ አገር የወረደ ሰው፣ ባጃጅ ውስጥም ይሁን ገበያ ላይ፣ ስለዚያች ሽፈራው ሻጭ ሲያወራ ብትሰሙ ዝም አትበሉ። ታደለች ልጇን አላሳመመችም በሉልኝ። ያሳመመቻት ነርሷ ናት፤ ልጅቷ እንደዳነችም እያወቀች እናቷን ፀሐይ ላይ ያስቆመቻት እሷው ናት በሉ።